በብር የተጠቀለለ

አባቴ ሃልቮር ወተት ያደርቅ ነበር፣
ዊስኮንሲን ውስጥ፣ በላሞች አገር።
አይስክሬሙን እንደ ድንጋይ አቀዝቅዞ፣ ከብረት በርሜል ከትቶ፣
አየሩን መጥጦ፣ በረዶውን ሳያቀልጥ ውሃውን አውጥቶ፣
እንደ ቡሽ የቀለለ፣ ባለ ሦስት ቀለም ጡብ ይሠራል፤
ማታ ሲገባ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ይታያል።
እናቴ በነሐሴ ሙቀት፣ በሩን እየከፈተች፣
«ዛሬም በረዶ ጣለብህ?» ትለዋለች።

እራት ላይ ሹካውን ቀስሮ ታሪክ ይጀምራል፦

«መጀመሪያ የላኩት በቱቦ ነው፤ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቅ፣
ሥጋው ከአትክልቱ፣ አትክልቱ ከሥጋው የማይታወቅ።
አስቡት እስቲ፣ ሰው ሰማይን ቀዶ ወጥቶ
እንደ ጨቅላ አጥሚት ሲጠባ፣ አፉን አሞጥሙጦ!

ዳቦማ ክልክል ነው። ፍርፋሪ እዚያ አይወድቅም፣
ይንሳፈፋል፣ ዓይን ይገባል፣ ሽቦ መሃል ይገባል፣ ምሕረት አያውቅም።
ፍርፋሪ በምድር የዶሮ ራት፣
በሰማይ የመርከብ ጠላት።»

ከዚያ ስለ ብርቱካኑ ዱቄት፦ ሱቅ ውስጥ ሲያንቀላፋ ኖሮ፣
ፈላጊ አጥቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ከጥግ ተወርውሮ፣
አንድ ጠዋት ወደ ላይ ወጣና በጥብጠው ጠጡት አሉ፤
ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ልጆች ብርቱካን መላጥ እርም አሉ።

ዘንጓን ግን ራሴ አስታውሳታለሁ፤ እሷ እንኳ በእኔ ዘመን ነች፤
ጣት የምታክል፣ ስትታኘክ ሰም ሰም የምትል፣
በራስ ቁር ቀዳዳ እንድታልፍ ተብላ የተሠራች።
የጎረቤታችን ልጅ ሜርል የአጎቱን የሞተር ቁር ደፍቶ
በመስታወቱ ሥር ሊጎርሳት ሲታገል
አፍንጫው ውስጥ ሰካት፤ በእናቱ ጉጠት ወጣችለት።
ከመንገዳችን ሰው ሁሉ ለጨረቃ የቀረበው
እሱ ነው።

በዚያ ጥር፣ መንኮራኩሯ ሰባት ሰው እንደያዘች፣
በትምህርት ሰዓት፣ በቴሌቪዥን ፊት፣ ሰማይ ላይ ስትበተን፣
አባቴ ማሽኑን አጠፋ።
ጉርምርምታው ቤታችን ድረስ ይሰማ እንደነበር
ያወቅነው ዝም ሲል ነው።
ሱቁ ግን በሳምንቱ እጥፍ አዘዘ።
ወረቀቱን አነበበ፣ አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋ።
የቤት ዕዳ ነበረብን።
ማሽኑን አስነሣ።

አሁን እኔ ሚልዋኪ፣ በሙዚየሙ ሱቅ፣
በእርሳስና በኮከብ ካርታ መሃል ያንኑ ጡብ እሸጣለሁ።
በብር ተጠቅልሎ፣ በብር ይሸጣል፤
ብሩን ሲገልጡት ግን ደረቅ ወተት ይወጣል።
ምላስ ላይ ሲያርፍ ለአፍታ ኖራ ይመስላል፣
ኋላ ምራቅ ሲነካው ወተት እንደነበር ያስታውሳል።

ትናንት አንድ ልጅ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ሳንቲሙን ቆጥሮ ሳይጨርስ፣
«እውነት ይሄ በርሯል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከማሸጊያው ሳይመልስ።

እኔም አባቴን አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቄው ነበር።
«እኔ የማውቀው» አለኝ፣ «እስከ ጭነት መኪናው በር።»
ቆይቶ ደግሞ፣ ቅንድቡን በመሐረብ እየጠረገ፣
«ሁለመናው ፍርፋሪ! እንዲህ ያለውን እንግዳ
ማን መርከቡ ውስጥ ያስገባዋል?»

ለልጁ ምን ልበለው?
«ቅመሰውና አንተ ንገረኝ» አልኩት።
ነከሰው። ዓይኑን ጨፈነ።
ሁለቱንም እግሩን ከወለሉ አነሣ፣
ትንሽ፣ አንድ ስንዝር ያህል፣
ተመልሶም አረፈ።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ መጥረጊያ አንሥቼ
ሮዝ፣ ነጭ፣ ቡናማ ፍርፋሪ ሰበሰብኩ።
አንዱም አልተንሳፈፈ።
ሁሉም እዚሁ ነበር።